ይነገራት ወይስ ይቆይ

ሀሴት «ይቆይ» ያለችው የጥርስ ብሩሹን ከአፏ ሳታወጣ ነው። አንባሯ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው የእጇ አንጓ ላይ ነዘር አለና በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ምድር ቤት ለሚኖሩት ለአቶ ያፌት ይነገራቸው? ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም እንደ ሁልጊዜው ሳታስብበት መለሰች፣ አረፋውን ተፋች፣ አፏን ተጉመጠመጠች። የጋሽ ያፌት ጉበት ካበቃለት ሰንብቷል። ሕንፃው ሙሉ ያውቃል፣ ከጋሽ ያፌት በቀር። ደግ ሰው ናቸው፣ ደግ ሰው ለምን ይሰበራል? እንዲህ ነበር የምትለው፤ እንዲህ የማይል ሰው ደግሞ አልነበረም።

ነገሩ ሲጀመር ልመና ነበር ይላሉ። ድሮ ድሮ ዘመድ ሐኪሙን በር ላይ ይዞ፣ «ዶክተር አደራ፣ ለሷ እንዳይነግሯት» ይል ነበር፤ ሐኪሙም አንገቱን ይነቀንቅ ነበር። ኋላ ልመናው ደንብ ሆነ፣ ደንቡ አዋጅ ሆነ፣ አዋጁም «የታካሚ ምስጢር» የሚል የሚያምር ስም ወጣለት። ምስጢሩ የሚጠበቀው ከታካሚው ነው። ለሌላው ሁሉ ክፍት ነው፤ አዋጁ «መረጃው ለጠያቂ ይገለጻል» ይላላ! ጠያቂ ማለት ሰውየው ታሞ ቢተኛ ሊጠይቀው የሚመጣ ሁሉ ነው። በኛ አገር ደግሞ የታመመ የማይጠይቅ ማን አለ? ጎረቤቱ፣ እድርተኛው፣ የሥራ ባልደረባው፣ ዳቦ የምትሸጠው ልጅ፣ የባልሽ የድሮ አለቃ ሳይቀር። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ጠዋትና ማታ ድምፁን ይሰጣል፣ ሁልጊዜም የሚያሸንፈው «ይቆይ» ነው። ጨካኝ መባል ማን ይፈልጋል? አምና አንዲት ነርስ አላስችል ብሏት ለአንድ ሹፌር በጆሮው ሹክ ብትለው ከሥራዋ ተባረረች፤ ፎቶዋም «ምስጢር አባካኝ» ተብሎ በየአደባባዩ ስክሪን ላይ ሰነበተ።

ያን ቀን ጠዋት ሀሴት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ባሏ ዮናታን ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ቀማት።

«ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ታየህ?» አለችው እየሳቀች። ከተጋቡ ጀምሮ ማንቆርቆሪያ አንስቶ አያውቅም።

«ምን ይታየኛል፣ አረፍ በይ ብዬ ነው» አለ። ዓይኑ ደረቷ ላይ፣ በግራ በኩል አንድ አፍታ አረፈና ወደ ምድጃው ሸሸ።

ሀሴት ቀሚሷን አየች። እድፍ ያለ መስሏት ነው። የለም። ሥራዋ አንሶላ ፋብሪካ ውስጥ እድፍ ፈልጎ ማውጣት ነውና መስኮቱ ጋ ሄዳ ጨርቁን በብርሃን ገልብጣ አየችው። ንጹሕ ነው። ኤዲያ፣ ብላ ሻርፗን ጣል አደረገችና ወጣች።

የደብረ ብርሃን ብርድ በዚያም ዘመን ያው ነው፤ እሱን የሚያሻሽለው አልተገኘም። አውቶቡሱ ውስጥ የጠዋቱ ጉርምርምታ ሞልቷል። አንዱ በመስኮት እያየ «ይቆይ» ይላል፣ አንዷ ከንፈሯን እየቀባች «ይቆይ» ትላለች፣ ከኋላ አንዱ እያዛጋ «ይቆይ፣ ይቆይ፣ ይቆይ» ይላል፤ ብዙ በሽተኛ የሚያውቅ መሆን አለበት። ሀሴት ስትገባ ግን ጉርምርምታው ቀጥ አለ። ጺማቸው የሸበተ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከመቀመጫቸው ተነሡላት።

«ኧረ በሕግ አምላክ! አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ!»

«ግድ የለም ልጄ። አንቺ ተቀመጪ። አንቺ... ብቻ ተቀመጪ።»

ሰው ሁሉ እያያት ስለነበር ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ወፍራም ሴትዮ አንባሯን በመዳፏ ሸፈን አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ሀሴት ከንፈር ማንበብ አላስፈለጋትም፤ ያንን ቃል በየቀኑ ራሷ ትለው የለ? የሴትዮዋም ዓይን እንደ ዮናታን ዓይን ደረቷ ላይ አረፈ፣ በግራ በኩል፣ ሸሸም። ሀሴት ሻርፗን ወደ ግራ ጎተት አደረገችው።

ፋብሪካው ውስጥ፣ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር፣ ቀይ ትራስ ያለው ወንበር ተዘርግቶ ጠበቃት።

ያ ወንበር ዝም ብሎ አይወጣም። አምና የወጣው ለሚኪያስ ነበር፣ አንሶላ ለሚያጥፈው ሚኪያስ። ትራሱን ከቤቷ ያመጣችው ራሷ ሀሴት ናት። «ወገብህን ያሳርፍልህ ብለን ነው» ሲሉት የዋሁ ሰው ሹመት ያገኘ መስሎት ፊቱ በራ። ምሳ ሲያበሉት፣ ሥራውን ሲሠሩለት፣ ተራ እየገቡ ቤቱ ሲሸኙት ከረሙና አንድ ሰኞ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ሰዎች አምርረው አለቀሱ። «ሳይሰማው ሄደልን፣ ተመስገን» ብለው ተጽናኑ። ሳይሰማው! ሰውየው እኮ ወንድሜ ጋ ሄጄ ሳልታረቅ ቀረሁ፣ ለመስቀል እሄዳለሁ እያለ ነበር።

«ነይ የኔ ማር፣ እዚህ ተቀመጪ» አለች የክፍሉ ኃላፊ ኤዶም፣ ወንበሩን በእጇ እየጠረገች። «ብርሃኑ ለዓይንሽ ጥሩ ነው።»

የኔ ማር! ኤዶም ከሰው ጋር ማር ተባብላ የማታውቅ፣ ለአንድ ደቂቃ መዘግየት ፊቷን የምታጠቁር ሴት ናት።

«ኤዶም» አለች ሀሴት ቆማ እንዳለች። «ምን ሆኛለሁ?»

«ምን ትሆኛለሽ! ደግሞ አንቺ! አረፍ በይ ብዬ ነው።»

አንሶላ የሚጎትቱት እጆች ቆሙ። ሀሴት ዞር ብላ አየቻቸው፤ ሁሉም ፈገግ ብለዋል፣ ያ ለሚኪያስ ይፈገግለት የነበረ ፈገግታ ነው፣ ለብ ያለ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል ያደረገ። ፍርሃቱ ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው መጸየፍ ነው። ሚያዝያ ላይ ክሊኒክ ልብሷን አውልቃ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጡቷን ስታስደግፍ፣ ክፍሉ ውስጥ ከነርሷ ሌላ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ጥቅል የሚጭነው ጎረምሳ አይቶታል። ዘበኛው አይቶታል። ዳቦ ሻጯ ልጅ ዳቦ እየሸጠች አይታዋለች። የከተማው እጅ ሁሉ ደረቷ ላይ ያደረ መሰላት፣ ቆዳዋም ቀፈፋት።

ጡቷ መሆኑን ከዓይናቸው አወቀች። ምን እንደሆነ፣ ይዳን አይዳን፣ ጊዜ ይኑራት አይኑራት ግን ዓይን አይናገርም። ሀሴት ማወቅ የፈለገችው ያንን ነው።

«ክሊኒክ ደርሼ ልምጣ» አለች።

«ሂጂ ሂጂ! ቀኑን ሙሉ ሂጂ!» አለች ኤዶም፤ ፈቃድ ስትሰጥ እንደዚህ ፈጥና አታውቅም።

ሰላምታ ክሊኒክ በር ላይ ዘበኛው ቆቡን አውልቆ «እግዜር ይማርሽ» አላት። ጽዳት ላይ ያለችው ሴት መወልወያዋን ይዛ «ይማርሽ እህቴ» አለቻት። ዶክተር ናሆም ገና ወጣት ነው፤ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ እጁን ደጋግሞ የሚያሽ። በጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን ጀርባው ለታካሚ ወንበር ነው። ፊቱ ወደ በሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ተከፍቶ ነው የሚውለው፣ ጠያቂ እንዳይጉላላ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከበር ላይ አንገታቸውን አስግገው እያነበቡ፣ አንዲት እናት «ውይ! ውይ በሞትኩት!» ስትል ሀሴት ሰማቻት።

«ዶክተር፣ ሚያዝያ ላይ ተመርምሬ ነበር» አለች። «ውጤቴን ፈልጌ ነው።»

«ወይዘሮ ሀሴት፣ ድካም ነው። ዕረፍት ያስፈልግዎታል።»

«ለድካም ሽማግሌ ከወንበሩ ይነሣል?»

ዶክተሩ እጁን አሸ። «ባለቤትዎ ይምጡ።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ። የጡቱ ባለቤት እኔ ነኝ።»

ከበሩ በኩል አንዱ ሳቀ፣ ወዲያው በሳል ሸፈነው።

«ጠያቂ ቢሆኑ ኖሮ አሁኑኑ እነግርዎት ነበር» አለ ዶክተሩ በሐዘኔታ። «ይኸው፣ እነዚህ ሁሉ ጠያቂዎች ናቸው። እርስዎ ግን ታካሚዋ ነዎት። የታካሚ ምስጢር ነው፣ ላወጣ አልችልም።»

«ራሴን ልጠይቅ መጣሁ በለኛ! መዝግበኝ። ጠያቂ፣ ሀሴት። ታካሚ፣ ሀሴት።»

«ሲስተሙ አይቀበለውም። ሰው ራሱን አይጠይቅም፣ ወይዘሮ ሀሴት። ተስፋ አይቁረጡ፤ ቤተሰብ ጊዜውን አይቶ ሲነግርዎ መጥተው ይፈርማሉ፣ የሚደረገው ይደረጋል። ያወቀ ታካሚ የሕክምናውን ፊርማ ራሱ ይፈርማል። እስከዚያ ግን...»

«እስከዚያ ግን ይቆይ።»

«አዎ» አለ ዶክተሩ፤ የገባት መስሎት ደስ አለው።

ከክሊኒኩ ግቢ ሳትወጣ አጥሩን ተደግፋ አስመለሳት። የሚያልፍ ሰው ቆሞ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አላት። ያ አይዞሽ ከትውከቱ ይበልጥ አንገሸገሻት፤ አፏን በሻርፗ ጠርጋ ሻርፑን እዚያው ጥላው ሄደች።

ሕንፃቸው ጋ ስትደርስ ጋሽ ያፌት እንደ ልማዳቸው በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው የአመሻሽ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ሲቀመጡ እግራቸውን ፍሬን ላይ እንደጫኑ ዘርግተው ነው። በተከፈተው በር በኩል ቤታቸው ይታያል፤ ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ መሬቱ ሳይቀር ብርቱካን በብርቱካን ሆኗል። ጠያቂ ያመጣው ነው።

«ነይ፣ ብርቱካን ላብላሽ» አሉ። «ሰፈሩ ሊያሰምጠኝ ነው።»

ሀሴት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ የኔን ያውቁታል?»

ጋሽ ያፌት የያዙትን ብርቱካን መላጥ አቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ። ጉንጫቸው ገርጥቷል፣ የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ዓይኑ ግን የሾፌር ዓይን ነው፣ ሩቁን ያያል።

«የነገረሽ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት።» አለችና በተናገረችው ደነገጠች። የቀራቸው ዕድሜ ትንሽ ስለሆነ ቅጣት እንደማያስፈራቸው ማወቋን አወጣችው። እሳቸው ግን ሳቁ።

«እኔ ቂል መሰልኩሽ? ለጤነኛ ሰው ይሄ ሁሉ ብርቱካን ይመጣል?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡ። ለሌላ ሰው ሚስት እንዲህ ያለ ነገር መናገር አሳፍሯቸው ነው መሰል ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ጣታቸውን የራሳቸው ደረት ላይ፣ በግራ በኩል አሳረፉ። «እዚህ ጋ ነው። ካንሰር ነው ልጄ። ሚያዝያ ላይ አንባሩ፣ እብጠቷ ገና ትንሽ ናት፣ ቶሎ ከተነሣች ትድናለች ይል ነበር። ትናንት ማታ የመጣው መልእክት ደግሞ፣ አሁንም ይቻላል፣ ግን ከዚህ በላይ አይዘግይ ይላል፤ ሰው ሁሉ የደነገጠው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ሰርጉን። የባልሽ እኅት ልጅ ታገባ የለ? ሰርጉ ይለፍ ብለዋል፣ ደስታዋን አናበላሽባት ብለዋል። እኛንም ጠየቁን። እኔም ይቆይ ብያለሁ። አልዋሽሽም። ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ይቆይ እልሻለሁ።»

ትድናለች። አሁንም ይቻላል። ይሄንን ቃል ዳቦ ሻጯ ታውቃለች፣ አውቶቡሱ ያውቃል፣ ዮናታን ማንቆርቆሪያውን ሲያነሣ ያውቃል። ሕይወቷን በየቤቱ እየተቀባበሉ፣ ሰርግ እስኪያልፍ እንደ ወጥ ክዳን ገጥመው አስቀምጠውታል። ንዴቷም የራሷን ድምፅ አመጣባት፣ በጥርስ ሳሙና አረፋ ውስጥ የሚለውን፦ ይቆይ።

«ጋሼ፣ እኔም የእርስዎን አውቃለሁ» አለች። «ስንት ጠዋት ይቆይ ብዬብዎታለሁ፤ አስጠላኝ። ይፈልጋሉ? ልንገርዎ?»

ጋሽ ያፌት ብርቱካኑን ላጡ፣ ከፈሉ፣ ግማሹን ሰጧት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ቤቴን ሞልቶ ወጥቷል» አሉ። «ይማርህ ብሎኛል፣ ብርቱካን ቆልሎብኛል። አንድም ሰው ግን አንተ ምን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ዛሬ ገና ተጠየቅሁ፣ ሀሴት።» አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ይቆይ። ግን ልብ በይ፣ ይሄኛው ይቆይ የኔ ነው።»

ሀሴት ተነሥታ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ወደ ላይ ወጣች።

ቤት ውስጥ ዮናታንና እኅቱ መክሊት፣ የሙሽራዋ እናት፣ ለሰርጉ የተሰፋውን የሀሴትን ቀሚስ ሶፋው ላይ ዘርግተው ያደንቃሉ። ጥለቱ ያምራል። ደረቱ ግን ሰፋ ተደርጓል፣ በግራ በኩል ደግሞ ከነጠላው ጋር አብሮ የሚወርድ ድርብ ጨርቅ ተጨምሮበታል።

«ነይ፣ ለኪው» አለች መክሊት። «ደረቱን ላላ አስደርጌልሻለሁ፣ እንዳያስጨንቅሽ።»

«ከዚህም በላይ ዘግይቶ ጡቴ ቢቆረጥ፣ ባዶውን ይሸፍነዋል ብለሽ ነው?» አለች ሀሴት።

የመክሊት እጅ ቀሚሱ ላይ ደርቆ ቀረ። ሀሴት በሯን አልዘጋችም፤ ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታሳንስ ተናገረች።

«ካንሰር ነው። ግራ ጡቴ ነው። ሚያዝያ ላይ ትንሽ ነበር። አሁንም ይድናል።»

ዮናታን አፉን ከፈተ። ልክ ያን ጊዜ የማታው ጥያቄ ሰዓቱ ደረሰና የባሏና የእኅቱ አንባሮች እኩል ነዘሩ። በሽተኛዋ ባለችበት ድምፅ አያሰሙም፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ይነዝራሉ። መክሊት እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ቀሚሱን አቅፋ እንደያዘች፣ ሳታስብ፣ ከልማድ፣ «ይቆይ» አለች።

ከዚያ በራሷ እጅ አፏን ያዘች። ግን ከአፏ ወጥቷል፤ ክፍሉ ውስጥ እንደ መጥፎ ሽታ ቀረ። ሀሴት መሳቅ አማራት። ባሏን አየችው። አንድ ነገር ጠበቀች። አመመሽ ወይ? ፈራሽ? ይቅር በይኝ? ከእነዚህ አንዱን ቢላት እዚያው ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

«ማን ነው የነገረሽ?» አለ ዮናታን። ጣቱ አንባሩ ላይ ነው፤ ምስጢር አባካኝ የሚጠቆምበት ቦታ ላይ። «ሀሴት፣ ይሄ ወንጀል ነው። ማን ነገረሽ?»

ሀሴት ካፖርቷን ከመስቀያው አነሣች። ክሊኒኩ አምሽቶ ስለሚዘጋ ጊዜ አለ፤ አሁን አውቃለችና የሕክምናው ፊርማ የሷ ነው። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆለፈችና በር ላይ ዞር አለች።

«አልነግርህም» አለችው። «የታካሚ ምስጢር ነው።»